ከላይ ሐይቅ፣ ከታች ተከራይ

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ሰፈሮች መካከል ሆልምስ ረን የሚባል ውሃ ያልፋል። ወንዝ ብሎ መጥራት ማክበር ነው፤ በደረቅ ወር ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ጅረት ነው። ዳር ዳሩን የእግር መንገድ ተሠርቶለታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ የሚንሸራሸሩ እናቶችን፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ አባቶችን እዚያ ማየት የተለመደ ነው። የከተማው አስተዳደር ማስታወቂያዎቹን ወደ አማርኛ የሚያስተረጉመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአካባቢው ባሉት ትልልቅ የኪራይ ሕንፃዎች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው።

ጅረቱን ሽቅብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የተከተለ ሰው ፌርፋክስ ካውንቲ ሲገባ ግድብ ያገኛል። ከግድቡ ጀርባ 55 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ተኝቷል፤ ስሙ ሌክ ባርክሮፍት ነው። ሐይቁ የመንግሥት አይደለም፣ የከተማም አይደለም። በዙሪያው ቤት የገዙ ሰዎች ሐይቅ ነው፤ ይዋኙበታል፣ ጀልባ ይቀዝፉበታል፣ ዓሣ ያጠምዱበታል። እኔ በታችኛው መንገድ ለዓመታት ስመላለስ ከላዬ የግለሰቦች ግድብ መኖሩን አላውቅም ነበር። የጠየቅኋቸው ጎረቤቶቼም አያውቁም።

ግድቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ ያኔ ዓላማው ለአሌክሳንድሪያ የሚጠጣ ውሃ ማጠራቀም ነበር። ከተማው ሌላ የውሃ ምንጭ ሲያገኝ ሐይቁ ከነመሬቱ ለቤት ሠሪዎች ተሸጠ፤ በ1950ዎቹም ዙሪያው መኖሪያ ሆነ። ውሃው ያው ውሃ፣ ግንቡም ያው ግንብ ነው። የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ሠራተኛና መሐንዲስ ያለው የውሃ ድርጅት ሄደ፤ በቦታው ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ስለ ጀልባ ማቆሚያ የሚከራከር የጎረቤታሞች ማኅበር ገባ።

በሰኔ 1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናቡን አወረደው። ውሃው ከግንቡ ጎን ያለውን የአፈር ክፍል ቦርቡሮ ወጣ፤ ሐይቁም ፈሶ አለቀ። ነዋሪዎቹ ጠዋት በመስኮታቸው ያዩት ጭቃ ነበር። ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። ማን ይጠግነው? ካውንቲው የኔ አይደለም ቢል እውነቱን ነው፤ ግዛቱም እንዲሁ። የቤት ባለቤቶቹ በፈቃደኝነት መዋጮ ቢሰበስቡ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ቤቴ ከውሃው ይርቃል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ልሸጥ ነው ይላል። ያገኙት መፍትሔ በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት የተፋሰስ ማሻሻያ ወረዳ የሚባል ሕጋዊ አካል በ1973 ማቋቋም ነበር። ይህ አካል በክልሉ ውስጥ ባለው ቤት ሁሉ ላይ ግብር መጣል ይችላል። መዋጮ የነበረው ግብር ሆነ፤ ግድቡ ተጠገነ፣ ሐይቁም ተመለሰ። በእኔ ግምት የዚያ ግድብ ዋናው ምሰሶ ኮንክሪቱ ሳይሆን ይህ የግብር ሥልጣን ነው። መዋጮ ይለመናል፤ ግብር ግን አይለመንም።

እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ሐይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጓድ የሚይዘው የግድቦች ብሔራዊ መዝገብ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦችን ይዘረዝራል። ከግማሽ በላዩ የግል ንብረት ነው፤ ከተመዘገቡት የአገልግሎት ዓይነቶች ደግሞ መዝናኛ ከፊተኞቹ ነው። ግድብ ሲባል እኛ በአእምሯችን የሚመጣው ተርባይንና ኃይል ማመንጫ ነው፤ እዚህ አገር ግን አብዛኛው ግድብ ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ ከኋላው ያለ፣ ሣር የለበሰ የአፈር ክምር ነው። የሚያልፍበት ሰው ግድብ መሆኑንም አይለይም፤ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ የሰፈር መንገድ ተሠርቶበታል።

ትንሽ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ጆርጂያ ውስጥ፣ ቶኮዋ በምትባል ከተማ፣ ኬሊ ባርንስ የሚባል ግድብ ነበር። ንብረትነቱ የአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ ለኮሌጁ መብራት ያመነጭ ነበር፤ በ1957 መብራት ማመንጨቱ ቀረና ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መብራት ሲያመነጭ በየቀኑ የሚያየው ሰው ነበረው፤ ቧንቧው ቢዘጋ መብራት ይጠፋልና ይታወቃል። መዝናኛ ሲሆን ግን ግድቡ ሥራ ፈታ፤ ጠባቂውም አብሮ ሥራ ፈታ። ቁልቁለቱ ከልክ በላይ የቆመ ነበር፣ ዛፍ አብቅሎ ነበር፣ ከአደጋው ጥቂት ዓመታት በፊትም የኋላ ገጹ አንድ ጊዜ ተንዷል። ከአደጋው በኋላ የመጡት መርማሪዎች የግንባታ ንድፍ ፈልገው አላገኙም።

ኅዳር 6 ቀን 1977፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ግድቡ ተደረመሰ። ውሃው የቶኮዋን ፏፏቴ ዘልሎ በሸለቆው ወርዶ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው የተኙባቸውን ቤቶች አገኘ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የፈሰሰው ውሃ ወደ 780 ሺህ ሜትር ኩብ ይገመታል። ለማነጻጸር ያህል፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የቶኮዋው ውሃ ከዚያ መቶ ሺህኛ ቢሆን ነው። ውሃው ይህን ያህል ኢምንት ሆኖ 39 ሰው የገደለው ሰዎቹ ከሥሩ ተኝተው ስለነበርና ማንም ስላልቀሰቀሳቸው ነው። ጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕጓን ያወጣችው በዓመቱ፣ በ1978 ነው።

የአፈር ግድብ የሚሞትባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ነው። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻው ከጠበበ ወይም ከተዘጋ ውሃው ሌላ መውጫ ያጣል፤ በሣሩ ላይ ይፈስሳል፣ ሣሩን ይገፍፋል፣ ከዚያ አፈሩን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። የመዝናኛ ሐይቅ ባለቤቶች ማስተንፈሻን የሚያበላሹበት ምክንያት አንዳንዴ ያስቃል፦ ዓሣው እንዳያመልጥ ወንፊት ያደርጉበታል፣ ጀልባው ጭቃ እንዳይነካ ሳንቃ ጨምረው የውሃውን ከፍታ ያነሣሉ።

ሁለተኛው መንገድ ዝምተኛው ነው። ከየትኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ይሰርጋል፤ ያ ብቻውን አያስደነግጥም። ጥያቄው የሚወጣው ውሃ ምን ይመስላል ነው። ጥርት ያለ ከሆነ ይለካል፣ ይጠበቃል። ከደፈረሰ ግን ግድቡ ራሱ ቅንጣት በቅንጣት እየወጣ ነው ማለት ነው። ውስጡ ቀዳዳ ይሠራል፣ ቀዳዳው ወደ ኋላ እያደገ ሐይቁ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ይህን መንገድ የሚከፍቱት የዛፍ ሥሮች፣ ጉድጓድ የሚምሱ እንስሳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በግድቡ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው አሮጌ ቧንቧ ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ ትንንሽ ግድቦች ውስጥ ይህ ቧንቧ የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ይዝጋል፤ የሰፈራችን ጣሪያ ያስተማረን ነው።

አንድ ወዳጄ ጆርጂያ ውስጥ፣ ከአትላንታ ወጣ ባለ ሰፈር፣ ሐይቅ ዳር ቤት ሊገዛ ጠርቶኝ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፣ የሁሉም ሰው ሣር ነጥቷል። የሐይቁን ጫፍ የያዘው ጉብታ ላይ ወጥተን ወደ ታች ስናይ ግርጌው አካባቢ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ለምልሟል፤ ደንገልም በቅሎበታል። ወዳጄ «እንዴት ያምራል!» አለ። ወርጄ ረገጥኩት፤ ጫማዬ ሰመጠ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ጉብታው ይደረመሳል ብዬም አልተናገርኩም። ብቻ የቤት ሻጩን ወኪል «ይህን የሚጠብቀው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ማኅበሩ» አለኝ። «ማኅበሩ ስንት ብር አለው?» ስለው ስልኩን ማየት ጀመረ።

እንዲህ ያለው ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚወለደው ሰፈሩን የሠራው ኩባንያ ሲሄድ ነው። ኩባንያው ሐይቁን ቆፍሮ፣ ቤቶቹን «የሐይቅ እይታ ያለው» ብሎ በውድ ሸጦ፣ ትርፉን ይዞ ይወጣል፤ ግድቡን ደግሞ ከመናፈሻውና ከሰፈሩ የመግቢያ ምልክት ጋር በአንድ ወረቀት ለነዋሪዎች ማኅበር ያስረክባል። ከ40 ዓመት በኋላ ቧንቧው ሲበሳ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥገናው አንድ ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ ማኅበሩ ውስጥ ያሉት ቤቶች ደግሞ 40 ናቸው እንበል፤ ለእያንዳንዱ 25 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ጡረተኛው አለኝ አይልም፤ አዲስ ገዢው ማንም አልነገረኝም ይላል። ማኅበሩ ፈርሶ፣ ኩባንያው ከመዝገብ ጠፍቶ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ፈልጎ የሚያጣው ግድብም አለ። ጥቅምት 2015 ደቡብ ካሮላይና ላይ የወረደው ዝናብ በግዛቱ ቁጥጥር ሥር ከነበሩት ግድቦች ወደ 50 የሚጠጉትን ሲያፈርስ፣ በኮለምቢያ ከተማ በጊልስ ክሪክ ተፋሰስ ውስጥ የሰፈር ሐይቆች እንደ ዶቃ ክር ተከታትለው ተበጠሱ፤ የላይኛው ሲለቅ የታችኛው አይችልም። የአንዳንዶቹ ባለቤቶች ገንዘብ እስኪያገኙ ሐይቆቹ ለዓመታት ደርቀው ቆዩ።

ሀብታም ባለቤት ቢኖርስ? ያም አያድንም፤ የዚህ ማስረጃ የሆነው አደጋ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎታል። በፔንሲልቬንያ፣ ከጆንስታውን ከተማ 22 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ የሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ አንድ አሮጌ ግድብ ገዝቶ ሐይቅ ሠራበት። ከአባላቱ መካከል አንድሩ ካርኔጊ፣ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክና አንድሩ ሜለን ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከነሱ በላይ ሀብታም መፈለግ ይከብዳል። ክበቡ ሠረገላ እንዲያሳልፍ ብሎ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው፣ ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ ወንፊት አስገባበት፣ ቀድሞ ተነቅለው የተሸጡትን የማፍሰሻ ቧንቧዎችም ሳይተካ ቀረ። ግንቦት 31 ቀን 1889 ግድቡ ሄደ፤ 2,209 ሰዎች ሞቱ። ፍርድ ቤት ተጠያቂ ያደረገው ሰው የለም። ክበቡ እንደ ክበብ ድሃ ነበር፤ አባላቱ እንደ ግለሰብ ባለጸጎች ነበሩ፤ ሕጉ ደግሞ ክበቡን እንጂ አባላቱን አያይም ነበር። የባለቤትነት ጥበብ ማለት ይህ ነው፦ ሐይቁ ሲያምር የእኔ፣ ሲፈስ የማኅበሩ።

ያ ቁጣ የአሜሪካን ሕግ አንቀሳቅሷል። እንግሊዝ ውስጥ በ1868 የተወሰነው የራይላንድስ እና የፍሌቸር ጉዳይ፣ በመሬቱ ላይ ብዙ ውሃ ያከማቸ ሰው ውሃው አምልጦ ጎረቤቱን ቢጎዳ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል የሚል መርሕ አውጥቶ ነበር። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መርሑን መጀመሪያ ገሸሽ ሲያደርጉት ቆይተው ከጆንስታውን በኋላ ብዙዎቹ ተቀበሉት። ሕግ የተማረ አንባቢ ይህን ሲያነብ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕጋችን እዚህ ላይ ከብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይልቅ ግልጽ ነው።

ተፈርዶ ግን ከማን ይሰበሰባል? ሚሺጋን ውስጥ የኢደንቪል ግድብ ባለቤት ቦይስ ሃይድሮ የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። ማስተንፈሻው ለትልቅ ጎርፍ እንደማይበቃ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ በ2018 የኃይል ማመንጫ ፈቃዱን ነጠቀ። ፈቃዱ ተነጠቀ እንጂ ውሃው ከቦታው አልተነሣም፤ ቁጥጥሩ ወደ ግዛቱ ዞረ፣ ኩባንያው ደግሞ መብራት ሸጦ የሚያገኘውን ገቢ አጣ። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ውሃው ዝቅ እንዲል አይፈልጉም ነበር፤ ጀልባ አላቸው፣ የቤታቸውም ዋጋ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። ግዛቱ ራሱ በሚያዝያ 2020 መጨረሻ ኩባንያውን የከሰሰው ሐይቁን ዝቅ አድርጎ ባለ ቅርፊት የውሃ ፍጥረታትን ገድሏል ብሎ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ግንቦት 19፣ ግድቡ ተደርምሶ የታችኛውን የሳንፎርድን ግድብ ይዞ ሄደ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቀድሞ እንዲወጣ ተደርጎ ስለነበር ሰው አልሞተም። ኩባንያው ግን በሐምሌ መጨረሻ ኪሳራ አወጀ። ዛሬ ሐይቆቹን ለመመለስ ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ልዩ ክፍያ የተጣለባቸው በዳርቻው ያሉ ቤቶች ናቸው። የባለቤትነት ወረቀቱ በእጃቸው አልነበረም፤ ዕዳው ግን መጣላቸው።

እዚህ ላይ ለላይኞቹም መናገር ፍትሕ ነው። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ቢላት «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው አህያ ሁልጊዜ ትታወሳለች። በግድብ ጉዳይ ግን አንዳንዴ ተረቱ ይገለበጣል። አንድ ገበሬ በ1955 ከብት የሚያጠጣበት ኩሬ ሠራ እንበል፤ ከሥሩ ጫካ ብቻ ነበር። በ1995 ካውንቲው ጫካው ውስጥ 60 ቤት እንዲሠራ ፈቀደ። ግድቡ አንድ ስንዝር ሳይለወጥ ከዝቅተኛ አደጋ ደረጃ ወደ ከፍተኛ ተዛወረ። ከፍተኛ ማለት ተሰንጥቋል ማለት አይደለም፤ ቢፈርስ ሰው ይሞታል ማለት ነው። ማስተንፈሻውን የማስፋት ግዴታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን በሰጠው ካውንቲ ላይ ወይም ቤት ሠርቶ በሄደው ኩባንያ ላይ ሳይሆን በኩሬው ባለቤት ላይ ይወድቃል። ይህን ሕግ ጻድቅ ነው የሚል ሰው ኩሬ የለውም።

ሐይቅ ዳር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ወገን ካለ ከወጥ ቤቱ ዕብነ በረድ በፊት ጥቂት ወረቀት ይጠይቅ። ግድቡ በማን ስም ተመዝግቧል? የመጨረሻው የመሐንዲስ ምርመራ መቼ ነው፣ ምንስ አለ? የማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ ስንት ነው? ልዩ መዋጮ ታስቧል ወይ? በቨርጂኒያ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግድብ ከጥበቃና መዝናኛ መምሪያው የሥራና የጥገና የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ወረቀቱ ቢበዛ ለስድስት ዓመት የሚያገለግል ነው። ከፍተኛ አደጋ ያለበት ከሆነም የአደጋ ጊዜ ዕቅድና ውሃው የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ግዴታ ነው። ማኅበሩ እነዚህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማቅረብ ካልቻለ መልሱን አግኝተዋል። ወዳጄ አላገኘም፤ ቤቱንም አልገዛም። ሚስቱ እስካሁን ያንን የሐይቅ እይታ ታነሣብኛለች።

ተከራዩ ግን የሚጠይቀው ሻጭ የለውም። ውል ሲፈርም ከላይ ግድብ አለ ብሎ የሚነግረው የለም። የጦር መሐንዲሶቹ መዝገብ በኢንተርኔት ክፍት ነው፤ የሰፈርን ስም አስገብቶ በአቅራቢያው ያለውን ግድብ፣ የባለቤቱን ዓይነትና የአደጋ ደረጃውን ማየት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግድቦች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉም ተጽፏል። የተለመደው የተከራይ መድን ጎርፍን አይሸፍንም፤ ከግድብ የመጣ ጎርፍም ያው ጎርፍ ነው። በፌዴራሉ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ተከራይም ለቤት ዕቃው መግዛት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ደመና አይቶ የሚገዛ ሰው ዘግይቷል።

ባለፈው እሑድ በሆልምስ ረን ዳር ከተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ከዚህ ወንዝ ላይ ግድብ እንዳለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ግድብ? እኛ የምናውቀው አንዱን ነው» ብለው ሳቁ።

ታሪኩን ባጭሩ ነገርኋቸው፤ የ1915ቱን፣ የ1972ቱን፣ የግብሩን። ጅረቱን አዩት። አንድ ሕፃን ድንጋይ እየወረወረበት ነበር።

«መንግሥት አይደለም ያለው?»

«አይደለም አባቴ፣ ዙሪያውን ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው።»

ትንሽ ዝም አሉና ከዘራቸውን ወደ ላይኛው አቅጣጫ ቀሰሩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ስልካቸውን ይዘሃል?»